ለ12 ቅዳሜ፦ በድሬዳዋ የወጣቶች የእምነትና የጥሪ ቡድን አመሠራረት

ከ20 እስከ 30 ዓመት ያሉ ልጆች አንድ ላይ ሲቀመጡ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሁለት ነገር ላይ ያርፋል፤ «እግዚአብሔር ለምን ፈጠረኝ?» እና «ሥራ መቼ ነው የማገኘው?»። ብዙ ጊዜም ሁለቱ ተደባልቀው ይመጣሉ። ተመርቆ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠ ልጅ ሥራ ማጣቱን ጥሪ እንደማጣት ይቆጥረዋል። ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራዋ ደግሞ ደመወዝ እያገኘች «የኖርኩት ለዚህ ነው እንዴ?» ትላለች። ይህ መመሪያ እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው ለሚመጡ ከ6 እስከ 8 ወጣቶች የ12 ሳምንት ቡድን እንዴት እንደሚመሠረት ያሳያል። ሰው ጥሪውን ክፍሉን ዘግቶ በማሰብ ብቻ አያገኘውም፤ በአንድ ትልቅ ጉባኤ ላይ እጁን በማንሳትም እንዲሁ። በየሳምንቱ የሚያዩት፣ ሲሠራ የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አጠገቡ ሲኖሩ ነው ነገሩ እየጠራለት የሚሄደው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቡድኑ ትንሽ፣ ቋሚና የሚያበቃበት ቀን የታወቀ እንዲሆን ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

ከመጥራት በፊት፦ ቡድኑ የማን ነው?

በመጀመሪያ ቡድኑ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሥር የሚሠራ ነው ወይስ ከተለያየ ቤተ እምነት የመጡ ጓደኛሞች የሚገናኙበት ነው የሚለውን ወስኑ። በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በግቢ ጉባኤ ውስጥ ያላችሁ ለአስተዳደሩ፣ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ያላችሁ ደግሞ ለወጣቶች አገልግሎት መሪው ወይም ለሽማግሌዎች አስቀድማችሁ አሳውቁ። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ ማን ያስተባብራል፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ይነበባል፣ መቼ ያበቃል። ሳያሳውቁ የጀመሩ ቡድኖች በ3ኛው ወይም በ4ኛው ሳምንት «ይኼ ስውር ስብሰባ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣባቸዋል። ያኔ የምትሰጡት ማብራሪያ ሁሉ ሰበብ ይመስላል።

ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ካቶሊኩም በአንድ ምንጣፍ ላይ የሚቀመጡ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሕግ በመጀመሪያው ቀን ይነገር። አንደኛ፣ እዚህ ማንም ማንንም ከቤተ ክርስቲያኑ አያስወጣም። ሁለተኛ፣ ስለ ምልጃ፣ ስለ ጥምቀትና ስለ ታቦት የሚነሳ ክርክር በዚህ ምንጣፍ ላይ አይፈታም፤ ጥያቄው ያለው ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ወይም ወደ መጋቢው ይወስደዋል። ይህ ጥያቄውን መናቅ አይደለም። ጥያቄዎቹ ከባድ በመሆናቸው ከ30 ደቂቃ ውይይት የሚቀረው ቁስል ብቻ ስለሆነ ነው። በቡድኑ እንዲነበብ የማርቆስ ወንጌል የተመረጠበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በ66ቱም በ81ዱም መጽሐፍ ውስጥ ያለ፣ 16 ምዕራፍ ብቻ የሆነ፣ ታሪኩ ቶሎ ቶሎ የሚሄድ መጽሐፍ ነው።

ሰው አጠራር

አስተባባሪ ሁለት ይሁኑ፣ የሚቻል ከሆነ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። አንድ ሰው ብቻውን ከያዘው እሱ የታመመ ዕለት ቡድኑም አብሮ ይተኛል።

8 ሰው ለማግኘት 12 ሰው ጋብዙ። በቴሌግራም ቻናል ላይ ማስታወቂያ አትለጥፉ። በአካል ወይም በስልክ አንድ በአንድ ጋብዙ፤ የምትሉትም አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦ «ቅዳሜ ቅዳሜ 11 ሰዓት ሳቢያን እኛ ቤት ከጥቂት ልጆች ጋር የማርቆስን ወንጌል ልናነብ ነው። 12 ሳምንት ብቻ ነው፣ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ያበቃል። ማመንህን እርግጠኛ ባትሆንም ና። እስከ ሐሙስ ንገረኝ።» በዚህ ግብዣ ውስጥ ከሁሉ የሚሠራው «12 ሳምንት ብቻ» የሚለው ነው። ማብቂያው ያልታወቀ ነገር ውስጥ ለመግባት ሰው ያመነታል፤ የገባም እንደሆነ ለመውጣት ሲያፍር በዝምታ ይጠፋል።

ከ10 በላይ ከሆናችሁ ተከፈሉ። 12 ሰው በተቀመጠበት ክብ ውስጥ 4ቱ ያወራሉ፣ 8ቱ ያዳምጣሉ። ዝም ያሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መናገር የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ቢያንስ አንድ ተጠራጣሪ ይኑራችሁ፤ ሁሉም በአንድ መዘምራን ውስጥ ያደጉ ከሆኑ ሁሉም የሚያውቀውን መልስ ይሰጣል፣ ጥያቄም አይነሳም።

ቀንና ሰዓት

ከመስቀል ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ጀምሩ። መስከረም 20 አካባቢ ከጀመራችሁ 12ኛው ቅዳሜ ታኅሣሥ 7 አካባቢ ይውላል፤ የቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ከመድረሱ በፊት ማለት ነው። ወደ ቁልቢ በሚኬድበት ሳምንት ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ትራንስፖርት ይጠባል፣ ግማሹ ቡድንም ስእለት ይዞ ይሄዳል። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጥር መጨረሻ ላይ መጀመርም ይቻላል፤ ያኔ ግን አብዛኛው ሳምንት ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚወድቅ ምግቡን አስቡበት። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለውን ሙቀት ለጀማሪ ቡድን አንመክርም።

ሰዓቱ ከ11 እስከ 12:30 ነው። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ድሬ ላይ ሱቁም ይዘጋል፣ ሰውም ጥላ ይፈልጋል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደግሞ የበርጫ ሰዓት ነው። 9 ሰዓት ላይ ስብሰባ የጠራ ሰው ከሙቀቱም ከጫቱም ጋር በአንድ ጊዜ ይታገላል። መርቅኖ የመጣ ልጅ ካለ አትመልሱት፣ አታሸማቅቁትም፤ ሻይ ስጡትና እንደማንኛውም ሰው ተራው ሲደርስ ይናገር። ክብ ሠርቶ፣ ትራስ ደገፍ ብሎ ሰዓት ሳይቆጥሩ ማውራትን ለድሬ ልጅ ማስተማር አያስፈልግም። ይህ ከተማው የሰጣችሁ ሀብት ነው፣ ተጠቀሙበት።

በፈረቃ የሚሠሩ አባላት ካሉ የሁሉንም የሥራ ሰሌዳ በመጀመሪያው ቀን ጻፉ። አንዲት ልጅ በየሦስተኛው ሳምንት የማትገኝ ከሆነ ቀኑን አትቀይሩ፤ የቀረችበትን ክፍል አንድ ሰው በማግስቱ በስልክ 10 ደቂቃ ያካፍላት። ቀን የሚቀያየርበት ቡድን ዕድሜ የለውም።

ቦታ

የሰው ቤት ግቢ ከአዳራሽ ይሻላል። አዳራሽ ውስጥ ሰው ሳያስበው ወደ ስብከት ድምፅ ይገባል። ዛፍ ወይም በረንዳ ያለው፣ ከባጃጅ መንገድ ሩቅ ያልሆነ ግቢ ምረጡ። አባላቱ ከከዚራም ከመጋላም የሚመጡ ከሆነ በመካከል ያለውን የደቻቱን ወንዝ መሻገር ግድ ነው። ክረምት ላይ ቡድን የምትይዙ ከሆነ ይህን ልብ በሉ፦ ጎርፉ የሚመጣው ላይ ከደጋው ነው፣ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድም ሊደርስ ይችላል። የ1998ቱ ክረምት ጎርፍ ያደረሰውን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በሐምሌና በነሐሴ ደጋው በኩል ሰማዩ ከጠቆረ የዚያን ቀን ስብሰባ ሰርዙ፤ የወንዙን አሸዋ በእግር አቋርጡ ብላችሁም ማንንም አትጥሩ።

ስለ ትንኝም አንድ ነገር። ደንጊ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ድሬዳዋን ያጠቃው ልክ ይህ ቡድን በሚጀምርበት ወቅት ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን፣ በተለይም ማለዳና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ትናከሳለች፤ የምትራባውም ቤትና ግቢ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ላይ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ምንጣፍ ከማንጠፋችሁ በፊት የግቢውን በርሜልና ባልዲ ክደኑ፣ አሮጌ ጎማና ቆርቆሮ ውስጥ የቆመ ውሃ ካለ ድፉ። 5 ደቂቃ አይፈጅም።

ጎረቤትን ከመጀመሪያው ቅዳሜ በፊት ሂዳችሁ አናግሩ። አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤቱ ሙስሊም ነው። ድምፅ ማጉያ አታስገቡ፤ ዝማሬ ካለም በጉሮሮ ብቻ፣ መግሪብ አዛን ሲሰማ ደግሞ ጋብ ይበል። የተረፈውን ሳምቡሳ በሳህን አድርጎ ማቀበል የቆየ የሰፈር ወግ ነው። ቡድኑ የሚሰበሰብበት ግቢ ባለቤት ከጎረቤቱ ጋር የሚኖረው ከ12 ሳምንት በኋላም ነውና።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለ8 ሰው፦ ሁለት ሰፊ ምንጣፍ፣ ለእያንዳንዱ ባለ 50 ሉክ ደብተርና እስክርቢቶ፣ አንድ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወይም የሚቆም ሰዓት፣ ቻርጅ የሚደረግ መብራት። በስልክ ሰዓት አትያዙ፤ ሰዓት ለማየት የተከፈተ ስልክ መልእክት ሳያሳይ አይዘጋም። መብራት ስለሚጠፋ በፕሮጀክተር ወይም በቪዲዮ ላይ የተመሠረተ ዝግጅትም አታድርጉ።

መጽሐፍ ቅዱስ በሁለት ዓይነት ትርጉም ይኑር፤ በ1954 ዓ.ም. የታተመውና አዲሱ መደበኛ ትርጉም። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው ከልጅነቱ በጆሮው ያውቀዋል፤ ሁለተኛው ለወጣት ይቀላል። ክፍሉ ሁለቴ ስለሚነበብ አንዱን በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው አንብቡ። ልዩነቱ ራሱ ጥያቄ ይወልዳል።

ሻይ፦ 2 ሊትር ተኩል ውሃ ለ8 ሰው ሁለት ሁለት ስኒ ያደርሳል። ቅርንፉድ ከ8 እስከ 10 ፍሬ፣ የጣት ርዝመት ያለው ቀረፋ፣ የተቀጠቀጠ ዝንጅብል አብራችሁ 10 ደቂቃ አፍሉ፤ ሻይ ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ይግባ፣ ቀድሞ ከገባ ይመራል። ስኳሩን ለየብቻ አቅርቡ። 16 የምስር ሳምቡሳ በቂ ነው። ሁልጊዜ የጾም ይሁን፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ የቡድኑ የመጨረሻ ሳምንታት ጾም ላይ ይወድቃሉ። አንድ ሳምንት ሥጋ አንድ ሳምንት ምስር ስትሉ አንዱ አባል ጦሙን ይቀመጣል። 5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው ይቅረብ። ወጪውን በየተራ ሁለት ሁለት ሰው ይሸፍን። ተራው ደርሶ የሌለው ካለ አስተባባሪው ብቻ ይወቅ፣ ምክንያቱም አይጠየቅ። በሻይ ወጪ አፍሮ የቀረ ልጅ ተመልሶ አይመጣም፣ የቀረበትንም አይነግራችሁም።

የ90 ደቂቃው አካሄድ

ከ11:00 እስከ 11:15 ሻይና ሰላምታ። ይህ 15 ደቂቃ የዘገየ ሰው የሚደርስበት ጊዜ ስለሆነ 11:15 ላይ ማንንም ሳትጠብቁ ወደ ሥራ ግቡ። ሁለት ጊዜ ከጠበቃችሁ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ሁሉም 11:30 ይመጣል።

ቀጥሎ 10 ደቂቃ «የሳምንቱ ነገር»፦ እያንዳንዱ ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ባለፈው ሳምንት አደርገዋለሁ ያለውን አድርጎ እንደሆነ ይናገራል። ያላደረገ «አላደረግኩም» ብሎ ያልፋል፤ ተግሣጽ የለም። 5 ደቂቃ ጸሎት። ጸሎቱ በሁሉም የሚታወቅ ይሁን፤ «አባታችን ሆይ» ማንንም እንግዳ አያደርግም።

15 ደቂቃ ንባብ፣ ሁለት ጊዜ በሁለት የተለያየ ሰው ድምፅ። በሁለቱ መካከል 2 ደቂቃ ዝምታ። ከዚያ 30 ደቂቃ ውይይት፣ 10 ደቂቃ «እስከሚመጣው ቅዳሜ ምን አደርጋለሁ?» ብሎ በደብተር ላይ መጻፍና ለአጠገብ ሰው መንገር፣ 5 ደቂቃ መዝጊያ። 12:30 ላይ ትጨርሳላችሁ። ወሬው ቢጥምም እንኳ በሰዓቱ ዝጉ፤ መቆየት የሚፈልግ ይቆይ፣ መሄድ ያለበት ግን «ስብሰባው አልቋል» ተብሎ ይሂድ። ሴቶቹ ብቻቸውን እንዳይሄዱ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱትን በባጃጅ አቀናጁ፤ ይህ የአስተባባሪ ሥራ ነው።

በየሳምንቱ ሁለት ምዕራፍ ቤት ይነበባል፣ አንድ ክፍል ደግሞ አብሮ። 1ኛ ሳምንት 2፥1-12፣ አራት ሰዎች ተሸክመው ያመጡት ሽባ፤ 2ኛ 4፥35-41፤ 3ኛ 5፥21-43፤ 4ኛ 8፥27-38፤ 5ኛ 10፥35-52፤ 6ኛ 12፥41-44፤ 7ኛ 14፥26-42፤ 8ኛ 16፥1-8። የመጀመሪያው ክፍል ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፦ ሽባው ኢየሱስ ዘንድ የደረሰው ራሱ ሄዶ አይደለም።

አንድ ውይይት በቅርብ ሲታይ

የ5ኛውን ሳምንት እንውሰድ። በዚህ ክፍል ኢየሱስ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። ቁጥር 36 ላይ ያዕቆብንና ዮሐንስን፣ ቁጥር 51 ላይ ዕውሩን በርጤሜዎስን፤ ምን ላደርግላችሁ፣ ምን ላደርግልህ ትወዳለህ? ወንድማማቾቹ በቀኝና በግራው መቀመጥን ይለምናሉ፣ ለማኙ ማየትን። አስተባባሪው ይህን ሐሙስ ማታ ሲዘጋጅ ያገኘዋል፤ ቅዳሜ ግን አይናገረውም። «በሁለቱ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ የተነገረ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቅና በልቡ እስከ 20 ይቆጥራል። 20 በጣም ረጅም ነው፣ ያስጨንቃል። በ12 ወይም በ13 ላይ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰው «ቆይ፣ ቆይ» ብሎ ገጹን ወደ ኋላ ይመልሳል። ያን ጊዜ ክፍሉ የእነሱ ሆነ። አስተባባሪው ዝምታውን ፈርቶ በ5 ላይ መልሱን ቢሰጥ ኖሮ ያው የእሱ ስብከት ሆኖ ይቀር ነበር።

ከዚያ ወደ ራሳችሁ አምጡት፦ «ዛሬ ይህን ጥያቄ አንተን ቢጠይቅህ ምን ትለዋለህ?» 3 ደቂቃ በዝምታ ይጻፍ። ለማንበብ ማንም አይገደድ። የመጀመሪያዎቹ መልሶች «ሰላም»፣ «ጤና»፣ «ጸጋ» ይሆናሉ፤ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚጠበቅበትን ነው የሚናገረው። አትንቀፉት፣ አታድንቁትም፤ ወደሚቀጥለው እለፉ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሰው ላይ «ቪዛ» ወይም «አባቴ አንድ ጊዜ እንዲያናግረኝ» የሚል ይመጣል። እዚያ ላይ ማንም ምክር እንዳይሰጥ ተጠንቀቁ። «አመሰግናለሁ» በሉና ጸጥ በሉ። ጊዜ ከተረፈ ቁጥር 48ን አንሱ፤ ለማኙን ዝም ሊያሰኙት የገሠጹት እነማን ናቸው? በእኛ መካከልስ ማንን ዝም እናሰኛለን?

አስተባባሪ በየሳምንቱ ሦስት ጥያቄ ብቻ ያዘጋጅ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ «አዎ»፣ «አይደለም» ወይም «ኢየሱስ» ተብሎ በአንድ ቃል የሚመለስ ከሆነ ጥያቄውን ጣሉት።

ከ9ኛ እስከ 11ኛ ሳምንት፦ ጥሪን መፈለግ

9ኛው ሳምንት የሕይወት መስመር ነው። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ መስመር አስምሮ ሕይወቱን የለወጡ 5 ነገሮችን ያስቀምጣል፤ ደስታውን ከመስመሩ በላይ፣ ሐዘኑን በታች። 8 ሰው እያንዳንዱ 7 ደቂቃ ቢናገር 56 ደቂቃ ስለሚሆን ለአራት ለአራት ተከፈሉ። በዚህ ሳምንት የተሰማ ከዚያ ግቢ አይወጣም፤ ለትዳር ጓደኛም፣ «ጸልዩለት» ተብሎ ለሌላ ኅብረትም አይነገርም። በጸሎት ርዕስ ስም የሚወጣ ምስጢር ከሐሜት የሚለየው በድምፁ ብቻ ነው።

10ኛው ሳምንት ከሁሉ የሚበልጠው ነው። እያንዳንዱ ለሌሎቹ ሰባት አንዳንድ ቁራጭ ወረቀት ይጽፋል፤ በአጠቃላይ 56 ወረቀት። የሚጻፈው ያ ሰው ሲያደርገው በዓይን የታየ ነገር ብቻ ነው። «ጥሩ ልጅ ነህ» አይጠቅምም። «የታመመችውን ልጅ በሳምንት ሦስት ጊዜ ደውለህ የጠየቅሃት አንተ ብቻ ነህ» ይጠቅማል። «ስብሰባው ሊበጣበጥ ሲል አንቺ የምትጠይቂው ጥያቄ ያበርደዋል» ይጠቅማል። ወረቀቶቹን ተቀባዩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብባቸዋል፣ ከዚያም የሚደጋገመውን ያሰምርበታል። ብዙ ሰው ስጦታው ቀላል ስለሚሆንለት ስጦታ መሆኑን አያውቀውም፤ ለሁሉም እንዲሁ የሚቀል ይመስለዋል። ይህ ሥራ ያለ 9 ሳምንት መተዋወቅ አይሠራም። አንዳንዶች በ2ኛው ሳምንት ያደርጉትና ወረቀቱ ሁሉ «ፈገግታሽ ደስ ይላል» ሆኖ ይቀራል።

11ኛው ሳምንት ጥሪንና እንጀራን ይለያል። ጳውሎስ ድንኳን ይሰፋ ነበር፣ ልድያ ቀይ ሐር ትሸጥ ነበር፤ በሐዋርያት ሥራ 18፥3 እና 16፥14 ላይ ይገኛል። ሁለቱንም አንብቡና በደብተሩ ገጽ መሐል መስመር አስምሩ። በአንድ በኩል «የምበላበት»፣ በሌላ በኩል «የተጠራሁበት»። የአንዳንዱ አንድ ላይ ይገጥማል፣ የብዙው አይገጥምም፤ አለመግጠሙም ኃጢአት አይደለም። ከዚያ እያንዳንዱ የ30 ቀን ሙከራ ይመርጣል። ሙከራው ቀን፣ ቦታና ሰው ያለው ይሁን፦ «ሰውን መርዳት» ሙከራ አይደለም፤ «ማክሰኞ ማክሰኞ 11 ሰዓት ለሁለት የጎረቤት ልጆች ሒሳብ ማስጠናት» ሙከራ ነው።

ሥራ ያጣ አባል ካለ ግን በዚህ ሳምንት «እግዚአብሔር ዓላማ አለው» ብላችሁ አትለፉት። እውነት ቢሆንም በዚያ ሰዓት ሆድ አይሞላም። ሁለት ሰው ከእሱ ጋር ተቀምጦ ሲቪውን ያስተካክል፣ ክፍት የሥራ ቦታ የሚለጠፍበትን በየተራ ያይለት።

አንድ የጋራ ሥራ

በ6ኛው ወይም በ7ኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ አንድ ትንሽ ሥራ አብራችሁ ሥሩ። ውሃ የሚቸግራቸው እማማ ሰፈር ውስጥ አይጠፉም። 8 ሰው ሁለት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢያደርስ 320 ሊትር ነው፤ መያዣው አስቀድሞ ይታጠብ፣ ከሞላ በኋላም ይከደን። ቀኑን ቀድማችሁ እሳቸውን አስፈቅዱ። ፎቶ አታንሱ። ስብከትም አታያይዙበት፤ ውሃው ውሃ ይሁን። በዚህ ሁለት ሰዓት ውስጥ ማን ሳይነገረው እንደሚሠራ፣ ማን ከእማማ ጋር ቁጭ ብሎ እንደሚጫወት ታያላችሁ፤ ለ10ኛው ሳምንት ወረቀት የሚሆነው ይህ ነው።

የሚበላሸውና ምክንያቱ

አንድ ሰው ሰባኪ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ይህ ሰው ክፉ አይደለም፤ ብዙ ያነበበና የሚያዳምጠው ያጣ ነው። አንድ ስኒ ወይም ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ይዙር፣ የያዘው ብቻ ይናገር፣ ከ2 ደቂቃ አይለፍ። ካልበቃ ለብቻው ጠርታችሁ «የሚቀጥለው ሳምንት ሰዓት ያዥ አንተ ነህ» በሉት። አስተባባሪው ራሱ ሰባኪ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው አስተባባሪ ይንገረው፤ ሁለት የሆኑት ለዚህም ነው።

ትንቢት የሚናገር ይነሳል። «እገሊትን አግባ ብሎኛል»፣ «ሥራህን ልቀቅ ይላል ጌታ» የሚል መልእክት በዚህ ቡድን ውስጥ ለማንም አይነገር። ይህን ሕግ በመጀመሪያው ቀን ካልተናገራችሁት ነገሩ ከተከሰተ በኋላ መንፈስ ቅዱስን የምትቃወሙ ትመስላላችሁ። ትዳርና ሥራ የሚወሰነው በጊዜ፣ በቤተሰብና በንስሐ አባት ወይም በመጋቢ ምክር ነው።

በ4ኛውና በ5ኛው ሳምንት ሰው ይቀንሳል። አዲስነቱ አልቋል፣ መተማመኑ ገና አልመጣም። አትደንግጡ፣ አዲስ ሰው አምጥታችሁም አትሙሉት፤ አዲስ ፊት ሲመጣ ሌሎቹ እንደገና ይዘጋሉ። ለቀረው ሰው በማግስቱ ይደወል፣ «ለምን ቀረህ?» ሳይሆን «ደኅና ነህ?» ተብሎ።

ከባድ ነገር ይወጣል። ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ፣ ቤት ውስጥ የሚደበደብ፣ የተደፈረች ሊናገሩ ይችላሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ስለ ምስጢር ስትናገሩ «የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በስተቀር» የሚለውን ጨምሩ። ያን ዕለት ማታ ያ ሰው ብቻውን አይደር፤ ከሁለቱ አስተባባሪዎች አንዱ፣ ሴት ከሆነች ሴቷ፣ አብራት ትሁን፤ በማግስቱ ወደ ሐኪም አብራችሁ ሂዱ። ድል ጮራ ሆስፒታል እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። መጸለይ ወደ ሐኪም መሄድን አይተካም፣ መሄድም ጸሎትን አያስቀርም።

ገንዘብ ብድር በቡድኑ ውስጥ አይኑር። የተቸገረ ካለ በስጦታ ይሰጠው፤ ያበደረና የተበደረ በአንድ ምንጣፍ ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቀመጡም። የቴሌግራም ግሩፑ ለሰዓትና ለቦታ ብቻ ይሁን። ጥቅስና ቪዲዮ የሚለጠፍበት ከሆነ በ3 ሳምንት ውስጥ ሁሉም ድምፁን ያጠፋዋል፣ «ዛሬ ስብሰባው ተሰርዟል» የሚለውንም አያየውም።

12ኛው ቅዳሜ

ንባብ የለም። እያንዳንዱ የ1ኛውን ሳምንት የደብተሩን ገጽ ገልጦ የጻፈውን ያነብና ዛሬ ምን እንደሚጽፍ በ5 ደቂቃ ይናገራል። ከዚያ ሦስት ምርጫ በድምፅ ሳይሆን በወረቀት ይሰጥ፦ መለያየት፣ ለሌላ 12 ሳምንት መቀጠል፣ ወይም ለሁለት ተከፍሎ አራት አራት አዲስ ሰው መጥራት። መለያየትን የመረጠ ሰው ምክንያት አይጠየቅ። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ሦስተኛውን ከመረጠ ከእነሱ ውስጥ አዲስ አስተባባሪ ይውጣ፤ የጥር መጨረሻው መነሻ ቀንም እዚያው ይቆረጥ።

የ30 ቀኑ ሙከራ ገና አላለቀምና ማን ለማን እንደሚደውል ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ጻፉ። የሚደወለው ከቁልቢ በኋላ፣ ከገና በፊት ባለው ሳምንት ነው። ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን፦ ማክሰኞ ማክሰኞ ሄደሃል?